ባትሪ የሌለው ሴንሰር ከአየር ላይ ኃይል ያገኛል ወይ? ጥያቄዬና የደረሱኝ 26 መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። እስከ ቅዳሜ 26 መልስ ደረሰው። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ከበደን ስላሉ፣ ከላይ እስከ ታች በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ሰዎቹን የምጠራቸው በመልሳቸው ቁጥር ነው።

መጀመሪያ የኔ ጽሑፍ። የእህቴ ልጅ የተወለደችው በ30 ሳምንቷ ነው። 1300 ግራም ነበረች። ሦስት ሳምንት ማሞቂያ ክፍል ቆየች። ደረቷ ላይ ሦስት ፕላስተር፣ እግሯ ላይ ቀይ መብራት ያለው ማሰሪያ ነበር። ከሁሉም ሽቦ ይወጣል። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ሲታሰሩ ከክንዷ ይወፍራሉ። ነርሷ ፕላስተሩን ስትቀይር በውኃ እያራሰች፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የምታነሳው። እንዲያም ሆኖ ቆዳዋ አብሮ ይመጣል። ቦታውን አይቼዋለሁ። የጣት ጥፍር የምታክል ቀይ እርጥብ ክብ ናት። እህቴ ልጇን ደረቷ ላይ ለማስተኛት ባሰበች ቁጥር ሽቦ መፍታትና መግጠም አለ። አንዳንድ ቀን ድካሙን ፈርታ ይቅርብኝ ትል ነበር።

አሁን ልጅቷ ደህና ናት፤ ዘጠኝ ወር ሆኗታል። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው፣ መገናኛ አካባቢ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። አየሩ በሞገድ የተሞላ ነው። ሴንሰሩ ሽቦም ባትሪም ሳያስፈልገው የዋይፋዩንና የስልክ ማማውን ሞገድ ሰብስቦ መሥራት ይችላል። ማስረጃ ብዬ ያቀረብኩት ማታ ማታ የሠራኋትን ነገር ነው። ሁለት የመዳብ ሽቦ፣ መሃላቸው ሾትኪ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ የሚያጠራቅም)። ከራውተሩ አንድ ስንዝር ላይ ሳደርጋት መልቲሜትሩ 0.3 ቮልት አነበበ። ኤልኢዲ ግን አላበራችልኝም። ለምን እንደሆነ ንገሩኝ ብዬ ጨረስኩ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ልጅቷን እግዜር ያሳድጋት ብሎ ጀመረና አንድ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አነሳ። ድሮ ስልክ ሊጠራ ሲል ቴፑ ወይም ሬዲዮው ቀድሞ ጢጢጥ ጢጢጥ ይል ነበር። ያ ድምፅ የስልኩ ሞገድ ማጉያው ውስጥ ገብቶ፣ እዚያ ያሉት ትራንዚስተሮች ሳይታዘዙ እንደ ዳዮድ እያቃኑት የሚፈጠር ነው። የጂኤስኤም ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆረጠ ስለሚልክ ጆሯችን ይሰማዋል። የኔ ዳዮድም የምትሠራው ይህንኑ ነው። የሚወዛወዘውን ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ታቃናለች። ይህን ሥራዬ ብዬ ስልክ ስከፍት ስዘጋ እስከዛሬ አላሰብኩትም ነበር።

መልስ 2 እዚያው ላይ ቀስ ብሎ አረመኝ። መልቲሜትር ላይ የሚነበብ ቮልት ኃይል አይደለም። ምንም ነገር ሳይሸከም 0.3 ቮልት ያሳየው ካፓሲተር፣ ኤልኢዲ ሲገጠምለት ወዲያው ይወድቃል። ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት ወደ 1.8 ቮልት ይፈልጋል። ጭነት ገጥሜ እንድለካ መከረኝ። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አደረግኩ። የቀረው በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው።

መልስ 3 ሒሳቡን ዘርግቶ ያስቀመጠው ነው። እኔ ውይይቱን ሁሉ ያዳነው እሱ ይመስለኛል። አንድ የቤት ራውተር በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ወደ 100 ሚሊዋት ይልካል እንበል። ተራ አንቴና አንድ ሜትር ላይ የሚይዘው 10 ማይክሮዋት ያህል ነው። የተላከው አሥር ሺህ ቦታ ተከፍሎ አንዱ ማለት ነው። አምስት ሜትር ላይ ደግሞ ከግማሽ ማይክሮዋት በታች ይወርዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናልና። በዚያ ላይ ዳዮዱ ራሱ ለመከፈት የሚወስደው አለ። የሚመጣው ኃይል ባነሰ ቁጥር ዳዮዱ የሚያባክነው ድርሻ ይበዛል። ስማርት ሰዓት ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊዋት ይበላል። ስለዚህ ሰዓትህን ከአየር ላይ ቻርጅ እናደርጋለን የሚል ማስታወቂያ ብታይ ዝም ብለህ እለፍ ብሎኛል።

መልስ 4 በ3 አልተስማማም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባትሪ የሌላት ካሜራ በዋይፋይ ብቻ አንቀሳቅሰዋል ይላል። ራውተሩ ካሜራዋን ወደ አምስት ሜትር ርቀት ድረስ ይመግባታል። እዚያው ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባትሪ የሌለው ስልክም ተሠርቷል። ይህ እያለ አይቻልም ማለት ምን የሚሉት ነው ብሎ ትንሽ ሞቅ አለ።

መልስ 5 ሁለቱንም አስታረቀ። የ4 መረጃ ትክክል ነው። ግን ካሜራዋ አንድ ፎቶ ለማንሳት ወደ 35 ደቂቃ ኃይል ታጠራቅም ነበር። ራውተሩም እንደኛ ቤት ራውተር አልነበረም። የቤት ራውተር የሚልከው ሰው ሲጠቀም ብቻ ነው፤ በመሃል ዝም ይላል። ካፓሲተሩ ደግሞ በዝምታው ጊዜ ይፈሳል። ተመራማሪዎቹ ራውተሩ ዝም እንዳይል ትርጉም የሌለው መልእክት በሦስት ቻናል ላይ እንዲልክ አደረጉት። ባትሪ አልባው ስልክም የሚበላው 3.5 ማይክሮዋት ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ለሱ ብሎ የሚልክ ጣቢያ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ተተክሎለት። አውቆ የሚልክ ምንጭ ከሌለ ከአየር ላይ የሚለቀም ነገር ትንሽ ነው። ይህቺን ነጥብ ሁለቴ አነበብኳት። የኔ ጥያቄ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ መልስ 6 መጣች። አሜሪካ ውስጥ ካለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። አማርኛዋ ልብ ይነካል። የቆዳውን ነገር አላጋነንክም አለችኝ። በ30 ሳምንት የሚወለድ ልጅ ቆዳ የላይኛው ንጣፍ ገና አልጠነከረም። ያ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ቆዳ ይልቅ ከፕላስተሩ ጋር የበለጠ ይያያዛል። ሲነሳ ይዞት ይነሳል። ቁስሉ ደግሞ ለጀርም በር ነው። የካንጋሮ እንክብካቤም (ሕፃኑን እናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማስተኛት) እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ ስላነሰ ነበር፤ ዛሬ ግን ማሞቂያ በሞላበት ቦታም ይሠራበታል። እናት ልጇን በቆዳዋ ስታቅፍ የልጁ ልብ ምት ሲረጋጋ ሞኒተሩ ላይ በዓይኗ እንደምታይ ጻፈች። ሽቦው ግን ሁልጊዜ መሃል ይገባል።

መልስ 7 ከሷ ተነስቶ እኔ ስፈልገው የነበረውን ነገር አመጣው። ቺካጎ አጠገብ ያለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጆን ሮጀርስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባትሪ የሌላቸው ሁለት ስስ ለስላሳ ልጣፎች አሳይቷል። አንዱ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ኤሌክትሪክ ያነባል። ሌላው እግር ላይ ሆኖ የደም ኦክስጅንን ያነባል። ኃይል የሚያገኙት ከፍራሹ ሥር ካለ አንቴና ነው፣ በ13.56 ሜጋ ኸርዝ። ይህ የክፍያ ካርድና የስልክ ኤንኤፍሲ (አስጠግቶ የማንበቢያ ዘዴ) የሚሠሩበት ሞገድ ነው። መረጃውም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሽቦ ስለማይጎትታቸው ማጣበቂያቸው በጣም የላላ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ገባኝ። ቆዳውን የሚልጠው ሽቦው ነው ለካ። ፕላስተሩ ጠንካራ የሆነው ሽቦው እንዳይነቅለው ነው።

መልስ 8 እስከ አሜሪካ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፣ የስኳር ሕመምተኞች ክንዳቸው ላይ የሚለጥፉት ፍሪስታይል ሊብሬ ባትሪ የለውም፣ ስልክ ሲጠጋው ነው የሚሠራው አለ። መልስ 9 ተቆጣ። ሊብሬ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ። ስልኩ በኤንኤፍሲ የሚያነበው የተጠራቀመውን መረጃ ነው። ባትሪ ባይኖረው ስልኩ ሲርቅ በየደቂቃው ስኳር መለካቱን ማን ይቀጥልለታል? ሳያጣሩ መጻፍ ሰው ያሳስታል ብሎ ጨመረ። እርማቱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ጠነከረ።

መልስ 10 ያው 8 ተመልሶ ነው። ስህተቱን ተቀበለ፤ ይህን ሳላመሰግን አላልፍም። ከዚያ ሁለት እውነተኛ ምሳሌ ይዞ መጣ። ኤቨርሴንስ የሚባለው የስኳር ሴንሰር ክንድ ውስጥ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። እሱ በእርግጥ ባትሪ የለውም። ከላይ ቆዳው ላይ የሚለጠፈው ማሠራጫ ነው ኃይል የሚሰጠው። በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሁለተኛው ካርዲዮሜምስ ነው። ልብ ለደከመባቸው ሰዎች ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ቧንቧ ውስጥ የሚቀመጥ የግፊት ሴንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈቅዷል። በሽተኛው ቤቱ አንቴና ያለበት ትራስ ላይ ጋደም ይላል። ትራሱ ሲልክ ሴንሰሩ ይነቃል፣ ግፊቱን ይናገራል፣ ይተኛል። ከትራሱ ስትነሳ ሴንሰሩ ምንም አይደለም። ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ብቻ ነው።

መልስ 11ን የጻፉት ጀርመን የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም ነበር። አሁን ጆሮው ውስጥ የተተከለ መሣሪያ አለው። ራስ ቅሉ ላይ ከቆዳው ሥር ያለው ክፍል ባትሪ የለውም። ከውጭ በማግኔት የምትጣበቅ ክብ ነገር አለች። ኃይሉም ድምፁም በቆዳው አልፎ የሚሄደው ከሷ ነው። ልጁ ኳስ ሲጫወት ክቧ ትወድቅበታለች። ያን ጊዜ ሩጫው ይለወጣል ይላሉ። ጓደኞቹ ሲጠሩት አይዞርም። አጎንብሶ ሣሩ ውስጥ ይፈልጋታል። ያገኛትና ጸጉሩን ገለጥ አድርጎ ያስጠጋታል፤ ጠቅ ስትል ፊቱ ይበራል። ከኔ ልጅ ጆሮ እስከ ዓለም ያለው ርቀት ግማሽ ሴንቲሜትር ነው ማለታቸው ነው። ከ26ቱ መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። መልስ 12 ቴስላን አነሳ። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1901 ኒው ዮርክ አቅራቢያ ዋርደንክሊፍ ላይ ግንብ ማሠራት ጀምሮ ለዓለም ያለ ሽቦ ኃይል ሊያድል ነበር፤ ሀብታሞች ናቸው ያስቆሙት ይላል። ግንቡ ገንዘብ አጥሮት መቆሙና በ1917 መፍረሱ እውነት ነው። ቢጨረስ ግን ያሰበው ይሠራ ነበር የሚለውን እኔ አልቀበልም። የ3 ሒሳብ ለቴስላም ይሠራል። ኃይልን አጥብቦ ወደ አንድ ቦታ መላክ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ብራውን እ.ኤ.አ. በ1964 ትንሽ ሄሊኮፕተር በማይክሮዌቭ ጨረር አየር ላይ አቁሟል።

መልስ 13 ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1945 ሞስኮ ላለው የአሜሪካ አምባሳደር በስጦታ የሰጡትን፣ ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም ታሪክ ተረከ። ውስጡ ባትሪ የሌለው መስሚያ ነበር። ሊዮን ቴርሚን የሠራው ነው። ከውጭ ሞገድ ሲላክበት ብቻ የክፍሉን ወሬ ይመልሳል። የተገኘው በ1952 ነው። ለሰባት ዓመት ያልተያዘው ባትሪም ሆነ የራሱ ማሠራጫ ስላልነበረው ነው። ከርዕስ የወጣ ይመስላል እንጂ አልወጣም። እዚያም አውቆ የሚልክ ምንጭ ነበር።

መልስ 14 መርካቶ ውስጥ ይሸጡ የነበሩትን፣ ስልክ ሊጠራ ሲል ብልጭ ድርግም የሚሉ ተለጣፊዎች አስታወሰን። አንዳንዶቹ ባትሪ ነበራቸው። ስሶቹ ግን አልነበራቸውም። ጂኤስኤም ስልክ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ ተለጣፊው ደግሞ ስልኩ ጀርባ ላይ ነው። የበራው ለዚህ ነው። አሁን ያሉት ስልኮች ረጋ ባለ ኃይል ስለሚልኩ ያ ነገር ቀረ። ስንት ልጅ በዚያ እንደተደነቀ ለመናገር ሦስት አንቀጽ ጻፈ።

መልስ 15 በትሕትና ወደ ጉዳዩ እንመለስ አለ። ተመለስን። ግን በሰላም አይደለም።

መልስ 16 ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብሎ ገባ። ሒሳብ ግን ይዞ ነው የመጣው። ሲአር2032 የምንላት ክብ ባትሪ ወደ 225 ሚሊአምፒር ሰዓት ትይዛለች፣ በ3 ቮልት። 10 ማይክሮዋት ብቻ የሚበላ ሴንሰር ከሰባት ዓመት በላይ ትሸከማለች። በርካሽ የምትገዛ ባትሪ እያለች ለምን አንቴና እናሳድዳለን? መሐንዲስ ነን የሚሉ ሰዎች ለዝና ብለው ቀላሉን ያወሳስባሉ አለ።

መልስ 17 ተሳደበ ማለት ይቻላል። የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ከስድቡ መሃል ግን ሦስት ጠንካራ ነገር አለ። ባትሪዋ 1300 ግራም የምትመዝን ልጅ ደረት ላይ ስትቀመጥ ትከብዳለች፣ ትቆረቁራለች። በእንፋሎት ግፊት አፍልተህ ጀርም ልትገድልባት አትችልም። ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን ካለና ከዋጣት፣ ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለች። መልስ 18 ያው 16 ነው። ዱላ ቀረሽ ሆኑ። እኔ የማስበው ሁለቱም ልክ ናቸው። አዋቂ ሰው ሰዓቱ ላይ የሚያደርገው ነገር ከሆነ የ16 ባትሪ ታሸንፋለች። የሕፃን ቆዳና የሰው ሆድ ዕቃ ከሆነ አታሸንፍም። የቺካጎው ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሥራ ባትሪ ያለውንም አማራጭ ጨምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ ከፍራሹ ተነስቶ እናቱ ደረት ላይ ሲሄድ አንቴናው ፍራሹ ሥር ይቀራል።

መልስ 19 ከዱባይ ነው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ዕቃ በአርኤፍአይዲ ታግ (ባትሪ በሌለው፣ በሞገድ በሚነበብ ተለጣፊ) ነው የሚቆጥሩት፣ ወደ 900 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በሚሠራው። የጨርቅ ካርቶን ከብዙ ሜትር ይነበባል። የታሸገ ውኃ ካርቶን ላይ የተለጠፈው ግን ማንበቢያውን አፍንጫው ሥር ካላደረስከው ዝም ይላል። አንድ ቀን አንዱን ታግ አንጓው ላይ ለጠፈው። እሱም እንደ ውኃ ካርቶኑ ዝም አለ። የሰው ገላ ብዙው ውኃ ነው። ሞገዱን ይውጠዋል፣ አንቴናውንም ከተቃኘበት ያወጣዋል። ከታጉ ሥር እንደ ጣት የወፈረ ስፖንጅ ሲያደርግ እንደገና ተነበበ። በዚህ ሞገድ የሚለበስ ሴንሰር የሚሠሩ ሰዎች ከአንቴናው ሥር ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ግን ሥጋ ያን ያህል አያግደውም። እዚያ የሚሠራው የማግኔት መስክ ነው። ዋጋው ደግሞ ርቀት ነው። ከጥቅሉ ስፋት አለፍ ስትል በፍጥነት ይሞታል።

መልስ 20 አንድ እናት ናቸው። ይህ ሁሉ ሞገድ ለሕፃን አይጎዳም ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ 21 በድንቁርና ወቀሳቸው። አልወደድኩትም። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልስ 22 ያችው ነርስ ናት፤ ተመልሳ በአግባቡ መለሰችላቸው። ይህ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ሴልን የሚሰብር አይደለም። የሚታወቀው ውጤቱ ሙቀት ነው። ለዚህም ወሰን አለው። በአሜሪካ ለስልክ የተቀመጠው በአንድ ግራም ሥጋ ላይ ሲለካ በኪሎ 1.6 ዋት ነው፤ በአውሮፓ በአሥር ግራም ላይ 2 ዋት። ሴንሰር በማይክሮዋትና በሚሊዋት ነው የሚኖረው። ግን ካለጊዜው የተወለደ ልጅ ሙቀቱን ራሱ መቆጣጠር አይችልም። ስለዚህ ከፍራሽ ሥር የሚቀመጥ አንቴና ምን ያህል እንደሚሞቅ መለካት ግድ ነው። እናትየዋ አመሰገኗት።

መልስ 23 እዚሁ አገር ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ማናችንም ያላሰብነውን ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው ብረት ነው። አንዳንድ ማሞቂያ አልጋ ከፍራሹ ሥር የብረት ሳህን አለው። ብረት አጠገብ የተቀመጠ ጥቅል ኃይሉን ለብረቱ ይሰጣል፤ ላይ ላለው ልጣፍ ምንም አይተርፍም። መሃሉ ላይ የፌራይት ንጣፍ (የማግኔት መስኩን ከብረቱ የሚጋርድ) ካልገባ አይሠራም። ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ያለችውን ጊዜ ያውቃታል። ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቀው እሷ ናት። ባትሪ ያለው ሴንሰር በዚያች ጊዜ ውስጥ ይቀጥላል። ባትሪ የሌለው ግን አንቴናው በጠፋበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ልጁ ትንፋሽ ቢያቆም የሚጮህ የለም።

ይህን አንብቤ ትንሽ ተስፋ ቆርጬ ነበር። መልስ 24 መለሰኝ። ባትሪው ከሕፃኑ ላይ ይነሳ እንጂ ከክፍሉ ይውጣ ያለ የለም። አንቴናውን የሚነዳው ሳጥን እንደ ሞኒተሩ የራሱ ባትሪ ይኑረው። እዚያ ክብደት ማንንም አይጎዳም። ሴንሰሩም ለቅጽበት ኃይል ቢያጣ ከዜሮ እንዳይጀምር ይደረጋል። ኤፍራም የሚባል፣ ኃይል ሲጠፋ የያዘውን የማይረሳ ሜሞሪ ያላቸው ቺፖች አሉ። ካፓሲተሩም ሒሳብ አለው። 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ3 ቮልት ወደ 1.8 ሲወርድ 288 ማይክሮ ጁል ይሰጣል። በ3 ቮልት 5 ሚሊአምፒር ለሦስት ሚሊሰከንድ የሚወስድ አንድ የብሉቱዝ መልእክት 45 ማይክሮ ጁል ይበላል። ስድስት መልእክት ማለት ነው። ከዚያ በ5 ማይክሮዋት ለመሙላት አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ለትኩሳት ይህ ይበቃል፤ ለልብ ምት አይበቃም። ልብ ያለማቋረጥ መነበብ አለበት። ለዚያ የፍራሹ አንቴና እንጂ የዋይፋይ ፍርፋሪ አይሆንም።

መልስ 25 አጭር ነው። ይህን ቤቴ ሆኜ በስልኬ ልሞክረው እችላለሁ ወይ አለ። ተማሪ ነው መሰለኝ።

መልስ 26 የኔ ነው። ዓርብ ማታ ሱቁን ዘግቼ ሞከርኩት። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የፈታሁትን ስስ ሽቦ በ4 ሴንቲሜትር ብርጭቆ አፍ ላይ አራት ዙር ጠቀለልኩ። 13.56 ሜጋ ኸርዝ ላይ እንዲቃኝ ወደ 90 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ገጠምኩለት። ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ። ሌላ ምንም የለም። የስልኬን ኤንኤፍሲ ከፍቼ ጥቅሉን ጀርባው ላይ ሳስጠጋው በራች። ስልኩ ካርድ እየፈለገ ቆም እያለ ስለሚጣራ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ለማክሰኞዋ ዳዮድ እምቢ ያለችው ያችው ኤልኢዲ ናት።

ከዚያ ጣቶቼን ስልኩ ላይ ዘርግቼ ጥቅሉን ከላያቸው አስቀመጥኩ። ሥጋና አጥንት መሃል ገብቷል። ደበዘዘች እንጂ አልጠፋችም። የጣቶቼ ዳር በቀዩ ብርሃን ሲቀላ አየሁ። ቀስ እያልኩ አነሳሁት። አራት ሴንቲሜትር ላይ ጠፋች። ዝቅ ሳደርገው ተመልሳ በራች።

ቪዲዮውን ለእህቴ ላክሁላት። ልጅቷን አቅፋ ነበር ያየችው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ የማሞቂያ ክፍሉ ፍራሽ ውፍረቱ ስንት ነበር? ለ23 በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። ሰኞ ለክቶ ይነግረኛል፤ ከሥሩ ያለውን ብረትም ጭምር።